ባሕር ዳር ላይ ጠላ ቤት፦ ቀኑን ከመጠየቅ እስከ ጀሪካን መሙላት

ጥሩ ጠላ መጠጣት የፈለገ ሰው ቤት ከመምረጡ በፊት ቀን ይምረጥ። የፋብሪካ ድራፍት በርሜሉ ውስጥ ጋዝ ተጭኖት ስለሚቀመጥ ዛሬም ነገም ያው ነው። ጠላ ግን ጋን ውስጥ ሆኖም መብላላቱን አያቆምም፤ ማክሰኞ ገና ጣፋጭ የነበረው ዓርብ ይደርሳል፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ሊኮመጥጥ ይችላል። «የእሷ ጠላ አይረባም» ተብለው የሚተዉ ቤቶች ብዙዎቹ ጥፋታቸው ሙያ ማጣት አይደለም፤ ጠጪው የገባው ወይ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ነው።

ቤቱን ማግኘት

በዘንባባ የተከበበውን የሐይቁን ዳር መንገድ ትታችሁ ወደ ሰፈር ውስጥ ግቡ። ግሽ ዓባይም ይሁን ሽምብጥ፣ ምልክቱ አንድ ነው፦ በረንዳ ወይም አጥር ላይ በተሰካ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ። ጣሳው ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ጠላ አልቋል ማለት ስለሆነ በር አታንኳኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳና ሙዚቃ አትጠብቁ፤ የሰው ግቢ ነው፣ ባለቤቷም ጠማቂዋ ናት።

በሩ ላይ ቆም ብላችሁ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የብቅልና የወይራ ጭስ ሽታ ደግ ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ ወይ አንድ ጋን ተበላሽቷል፣ ወይ አተላው ከቤት አልወጣም። አተላ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ለከብትና ለበግ መኖ ይሆናል። ችግሩ ጋኖቹ አጠገብ ሲከማች ነው፤ ዝንብ ይጠራል፣ የሚያኮመጥጠው ተሕዋስ ደግሞ ከዝንቡ ጋር ወደ ጋን ይገባል። አተላውን በየቀኑ የምታስወጣ ሴት ጋኗንም በደንብ የምታጥብ ናት ብሎ መገመት እምብዛም አያሳስትም።

ሌላው መለኪያ ጋኑ የቆመበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ሙቀቷ ደገኛ አይደለም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ጋን በጨለማ ጓዳ፣ በአፈር ወለል ላይ ከቆመ ጠላው ቀዝቀዝ ይላል፤ ሸክላው ላብ ስለሚያወጣና ላቡ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ። የፕላስቲክ በርሜል ይህን አያደርግም። በፕላስቲክ የሚጠምቅ ሁሉ መጥፎ ጠላ ይጠምቃል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በበጋ ከፕላስቲክ የሚቀዳ ጠላ ካጋጠማችሁ የቀኑን ጥያቄ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ቀኑና ሰዓቱ

ጥያቄው አጭር ነው፦ «እትዬ፣ ጠላው ከተበጠበጠ ስንተኛ ቀኑ ነው?» ቀጥሎም «ጋኑ መቼ ተከፈተ?» ሙያዋን የምታውቅ ሴት በዚህ ጥያቄ አትከፋም፤ እንዲያውም የሚያውቅ ሰው መጣ ብላ ከደህናው ጋን ትቀዳለች። «ዛሬ ነው የደረሰው» የሚል መልስ ብቻ ከሆነ የምታገኙት ዳግመኛ ጠይቁ፣ ሁልጊዜ «ዛሬ» የሚደርስ ጠላ የለምና።

በባሕር ዳር ሙቀት፣ የተበጠበጠ (ማለትም የመጨረሻው ውሃ የገባበት) ጠላ በሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ይጠራል፣ ጣዕሙም ያኔ ነው። ሳይከፈት ከተቀመጠ ሳምንት ያልፋል። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ግን ሌላ ቆጠራ ይጀምራል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መልካም፣ ሦስተኛው መካከለኛ፣ አራተኛው አጠራጣሪ። ምክንያቱ አየር ነው። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያ ያለ አየር አይሠራም፤ ጋን ሲጎድል ደግሞ የጎደለውን ቦታ የሚሞላው አየር ነው። ስለዚህ ከግማሽ በታች ከወረደ ጋን ይልቅ አዲስ ከተከፈተ መጠጣት ይሻላል፣ ቀኑ ትንሽ ያነሰ ቢሆንም።

ከወሩ ቀናት በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ እና በ27 መድኃኔዓለም ዋዜማና ዕለት ትኩስ ጋን የማግኘት ዕድል ይጨምራል፤ ጠማቂዎች ለጽዋና ለዝክር የሚደርስ አድርገው ይጠምቃሉና። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ስለማይመጣ ቤቱ ጭር ይላል፤ ጸጥታ የሚወድ ያኔ ይሂድ። ጠላ ራሱ የጾም ነው፤ በሁዳዴ ግን የጠጪው ቁጥር ቀንሶ አንድ ጋን ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ «መቼ ተከፈተ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጣሳው ውስጥ ምን አለ

አጠማመቁን ሳያውቁ ጣዕሙን መፍረድ ከባድ ነው፤ የጠላ ጉድለት ሁሉ ከአንዱ ደረጃ ይመነጫል። ለአንድ መካከለኛ ጋን፣ ማለትም 40 እስከ 50 ሊትር ጠላ፣ የተለመደው ልክ 10 ኪሎ እህል፣ 2 እስከ 3 ኪሎ ብቅል እና 1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል ጌሾ ነው። ቤት ለቤት ይለያያል፣ ከዚህ ብዙ ከራቀ ግን አንዱ ጎን ይጎላል።

ጌሾው እዚህ አገር ከሩቅ አይመጣም። ዘጌ ከቡናዋ ጋር በጌሾዋ የታወቀች ናት፤ ቅጠሉም እንጨቱም ለገበያ ይወርዳል። እህሉ በጎጃም ወገን ብዙ ጊዜ ዳጉሳ ነው፣ ገብስና በቆሎም ይገባል። የዳጉሳ ጠላ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ አፍ ላይም ከበድ ይላል፤ የገብስ ቀለል ያለና መዓዛ ያለው ነው። በእኛ ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ከገብስ ቢጀምር ይሻላል፣ ዳጉሳ ወዳጁን ቀስ ብሎ ነው የሚያፈራው።

ሥራው የሚጀምረው ጋን በማጠብ ነው። በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ አፉ በወይራ ፍም ላይ ተደፍቶ 10 እና 15 ደቂቃ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ብቻ አይደለም፣ ሸክላው ውስጥ የቀረውን ተሕዋስ ይቀንሳል። ጌሾ ቅጠሉ ተወቅጦ በውሃ ሲነከር ጥንስስ ይባላል፤ 2 እስከ 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ የተፈጨው ብቅልና ቁርስራሽ ቂጣ ይጨመራል፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይብላላል። ቀጥሎ እንኩሮው ይገባል፤ እንኩሮ ማለት ዱቄቱ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየተማሰለ እንደ ቂንጬ ፍርፍር እስኪል የተቆላ ነው። ከጌሾ እንጨት ጋር ሲገባ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል፤ 4 ወይም 5 ቀን ይቆያል። በመጨረሻ ድፍድፉ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጋኑ ይከደናል፣ በጭቃ ይመረጋል። ከጥንስስ እስከ መጠጣት ድምሩ ከ10 እስከ 13 ቀን ነው። በሳምንት ደረሰ የሚል ካለ አንዱን ደረጃ አሳጥሯል።

ብቅሉ ለብቻው ቀን ይፈልጋል፦ ገብስ አንድ ቀን ተነክሮ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ 3 እስከ 5 ቀን ይበቅላል፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። እህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው እሱ ነው፤ ስኳር ከሌለ እርሾው የሚበላው የለም። ስለዚህ ብቅል የሰሰተች ቤት ጠላዋ ቀጭን ይሆንና በስኳር ልትደግፈው ትሞክራለች። የስኳር ጠላ ይታወቃል፤ አረፋው ቶሎ ይነሳል ቶሎ ይጠፋል፣ ከዋጡት በኋላ ምላስ ላይ የሚቀር የእህል ጣዕም የለም፣ በማግስቱም ራስ ይመታል።

ገብቶ መቀመጥ

ስትገቡ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቤቱ በሙሉ ሰላምታ ስጡ፦ «እንዴት ዋላችሁ!» የተቀመጡት ከመቀመጫቸው ነቅነቅ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ መልሱ «በእግዚአብሔር» ነው። መደቡ ላይ ቦታ ሲለቁላችሁ እሺ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጥግ ያለ ባዶ ወንበር ፈልጎ ለብቻ መቀመጥ እንደ ንቀት ይታያል። ባለቤቷን በዕድሜዋ መጠን «እትዬ» ወይም «እማማ» በሏት፣ ወንድ ሽማግሌውን «ጋሼ»።

አሳላፊዋ ጆጉን ይዛ ስትመጣ ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ይህ ልማድ «ንጹሕ ነው፣ እኔም ጠጥቼዋለሁ» ማለት ነው፤ በችኮላ ጣሳ ዘርግታችሁ አታቋርጧት። ጣሳውን በቀኝ እጅ፣ ግራውን ከሥሩ አድርጋችሁ ተቀበሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በጣሳ ወይም በሽክና ሳይሆን በብርጭቆ እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ። ሽክና ያምራል፣ ግን ውስጡን አያሳይም። «እትዬ፣ ለዛሬ በብርጭቆ ያድርጉልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ምን እንደምታዝዙም አስቀድማችሁ ወስኑ፣ በአንድ ጠላ ቤት ውስጥ ጠላ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጉሽ የሚባለው ገና ያልጠራ ነው፤ ድፍርስ፣ ጣፋጭ፣ ሆድ የሚነፋ። ጠላ ሲባል የጠራው ነው፣ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። ፊልተር ደግሞ ድፍድፉ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ የሚጣራ ነው፤ 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ቅራሪ የመጀመሪያው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በዚያው ድፍድፍ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ቅራሪ ለጥም ጥሩ ነው፤ በጠላ ዋጋ ሲሸጥ ግን ማታለል ይሆናል። ከሐይቁ ማዶ በደምቢያና በጎንደር ወገን ኮረፌ የሚባል የገብስ መጠጥ አለ፤ ዝምድና አለው፣ አጠማመቁ ግን ሌላ ስለሆነ ባሕር ዳር ጠላ ቤት ገብታችሁ ኮረፌ አትጠይቁ።

ቅምሻውና ጉድለቱ

ብርጭቆው እንደተቀዳ ሁለት ደቂቃ አስቀምጡት። ከሥሩ የሚዘቅጠው ደቃቅ ከአንድ ጣት ውፍረት ካነሰ ጠላው ደርሷል። ካለፈ ወይ አልጠራም፣ ወይ አሳላፊዋ ጋኑን ነቅንቃለች፣ ወይ ከጋኑ መጨረሻ እየቀዳች ነው። የመጨረሻው ከሆነ ጨዋነት በተሞላ አንደበት ከሌላ ጋን ጠይቁ። ላይ የተንሳፈፈ የገለባ ቁርጥራጭ ግን ጉድለት አይደለም፤ እፍ ብላችሁ ወደ ዳር ግፉት።

ከዚያ አሽትቱ፣ ቀጥሎ አንድ ጉንጭ አፍ ውስጥ አቆይታችሁ ዋጡ። ምላስ ላይ የመጀመሪያው የእህል ጣዕም፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ኮምጠጥ ማለት፣ መጨረሻ ላይ የጌሾ ምሬት መምጣት አለበት፤ ምሬቱ ከዋጡ በኋላ ቀስ እያለ ይለቃል። ጠላ ትንሽ መኮምጠጡ ደንብ ነው፤ ይህ የመጀመሪያ ቀናት የሚሠራው የእርጎ ዓይነት አሲድ ነው። አፍንጫ የሚወጋ፣ ዓይን የሚያስነባ ኮምጣጣነት ግን ሌላ ነው፤ እሱ አየር ያገባው ኮምጣጤ ስለሆነ አይሻሻልም። መልሱት።

ምሬቱ ጉሮሮ የሚይዝና ጥርስ የሚያደርቅ ከሆነ ጌሾው በዝቷል ወይም የጌሾው እንጨት ከልኩ በላይ ቆይቷል። ይህ አይጎዳም፣ ብዙ አያስጠጣም እንጂ። በተቃራኒው ምሬት ጨርሶ ከሌለ ጌሾው አንሷል፤ እንዲህ ያለው ጠላ ዛሬ ቢጣፍጥ እንኳ ለነገ ተስፋ አታድርጉበት፣ ጌሾ ጣዕም ከመስጠት ሌላ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች ይገታልና።

የአረረ ጣዕም ከእንኩሮው ይመጣል። ምጣዱ ሲግልና ማማሰሉ ሲቋረጥ ጥቂቱ ያራል፣ ያ ጥቂት ሙሉውን ጋን ያጠቁራል። ጥቁር ጠላ ሁሉ ግን ያረረ አይደለም፤ እህሉ አሻሮ ሆኖ በደንብ ሲቆላ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን የቆሎ ነው እንጂ የከሰል አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ከዋጣችሁ በኋላ ትንፋሽ በአፍንጫ አስወጡ፤ ከሰል ከሸተተ አርሯል።

ጭሱ ከሁሉም ጣዕም ቀድሞ ከመጣ ተጠራጠሩ። የወይራ ጭስ በልክ ሲሆን ከኋላ ነው የሚሰማው። ከልክ ያለፈ ጭስ አንዳንዴ የሻገተ ጋን ሽታ ለመሸፈን ይደረጋል፤ ጭሱን ቀንሳችሁ ስታሸትቱ ከሥሩ እርጥብ ጓዳ የሚሸት ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ያለው ጠላም እንዲሁ አየር የገባው ነው። አትጠጡት።

የውሃው ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ድፍድፉ የሚበጠበጠው ብዙ ጊዜ ባልፈላ ውሃ ስለሆነ ውሃው ከመጥፎ ምንጭ ከተቀዳ ሆድ ያማል፤ የጠላው አሲድና አልኮል ሁሉን አይገድልም። በክረምት፣ ቧንቧ ሲጠፋ ወይም ሲደፈርስ፣ «ውሃው ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ከአንድ ብርጭቆ ባያልፍ ይመረጣል፤ ሆዱን ይፈትሽበት።

ልኩን ማወቅ

ጠላ የሚያታልለው ጣሳው ባዶ ስለማይሆን ነው። ግማሽ ሲደርስ አሳላፊዋ ትሞላዋለች፣ ስለዚህ ጣሳ መቁጠር አይቻልም። በጆግ ቁጠሩ። አንድ ሊትር 4 በመቶ አልኮል ያለው ጠላ፣ 5 በመቶ ካለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ሁለት ጠርሙስ ተኩል ገደማ ይሆናል። 6 በመቶ ፊልተር ከሆነ ሦስት ተኩልን ያልፋል፤ ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ አያስታውቅም። ሲበቃችሁ ጣሳውን ሞልታችሁ ተዉት ወይም መዳፍ ክደኑበትና «ይስጥልኝ፣ በቃኝ» በሉ። ባዶ ጣሳ «ጨምሪልኝ» ማለት ነው። ከአረቄ ጋር አትደባልቁ። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት፣ ከጠላ ቤት ሲወጡ ግን ሳይክሉን እየገፉ መሄድ ወይም ባጃጅ መያዝ ነው።

ቁርሱ ቀላል ነው፦ የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ አንዳንዴ ንፍሮ፣ ካለ ደግሞ እንጀራ በአዋዜ። ቆሎ ጨው ከበዛበት ጠላውን ያስቸኩላል። ባዶ ሆድ ከመግባት ግን ማንኛውም ይሻላል።

ዋጋ ከመቀዳቱ በፊት ጠይቁ፤ በብርጭቆ ነው ወይስ በጆግ የሚለውን አስለዩ። ለሌላው መጋበዝ ከፈለጋችሁ ለአሳላፊዋ ቀስ ብላችሁ ንገሯት እንጂ ጮክ ብላችሁ አታውጁ፤ የተጋበዘው መመለስ ባይችል እንዳያፍር።

ወደ ቤት መውሰድ

ጠላው ካማራችሁ በጀሪካን ይቀዳላችኋል፤ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው ግን እዚህ ጋ ነው። ዘይት፣ ጋዝ ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን ሽታውን አይለቅም፣ ስለዚህ ለጠላ ብቻ የሚሆን ያዙ። በሙቅ ውሃ ብቻ አጥባችሁ አፉን ደፍታችሁ አድርቁት። ባለ 5 ሊትሩ ላይ ከ4 ሊትር በላይ አታስሞሉ፤ ጠላው መንገድ ላይም ይፈላል፣ የሚያወጣው ጋዝ ቦታ ይፈልጋል። ክዳኑን እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ ጀሪካኑ ይነፋል፣ ስትከፍቱት ግድግዳው ሁሉ ጠላ ይሆናል። ግማሽ ዙር ላላ አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በእግራችሁ መካከል ያዙት።

ቤት ስትደርሱ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ባለበት ወለል ላይ አቁሙት፣ እስከ ማግስቱም አትነቅንቁት። መንገዱ ያናወጠው ደቃቅ የሚዘቅጠው ሌሊቱን ነው። ጠዋት ላዩን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ቅዱት፣ ከሥር የቀረውን ሁለት ጣት ያህል ተዉት። በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት። አዲስ አበባ ድረስ ለመውሰድ ያሰበ ጠላውን ይተው፤ ከዘጌ ጌሾ፣ ከገበያ ብቅልና ዳጉሳ ገዝቶ ደረቁን ይውሰድና እዚያው ይጠመቅለት፤ የአዲስ አበባ ብርድ ድፍድፉን ስለሚያዘገየው ለዚያ ደረጃ ሁለት ቀን ይጨምርበት።